ስሕተቱ ከሳንቲም ማተሚያ ቤት የወጣ መሆኑ ይረጋገጥ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

«ስሕተት ያለበት ሳንቲም» እየተባለ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሸጠው እየበዛ በመምጣቱ፣ ሳንቲም በመሰብሰብ ብዙ ዓመት የቆየሁ ሰው እንደመሆኔ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በቅርቡ አንድ ወጣት የአንበሳ ራስና ሚዛን ያለበትን ባለአንድ ብር ሳንቲም ይዞልኝ መጣ። መሐለኛው ክብ ጋደም ብሏል፤ ወጣቱም «ብርቅ ነው» ተብሎ በሦስት ሺሕ ብር እንደገዛው ነገረኝ። በአጉሊ መነጽር ሳየው ግን መሐሉና ቀለበቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ የመሣሪያ ጭረት አለ። ክቡ ተመትቶ ከወጣ በኋላ ዞሮ የተመለሰ ነው። ይህ የተበላሸ ሳንቲም እንጂ የኅትመት ስሕተት አይደለም፤ ከአንድ ብርም በላይ አያወጣም።

ሰብሳቢ የሚከፍለው ሳንቲሙ በሚታተምበት ጊዜ ለተፈጠረ ስሕተት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በፊላደልፊያ የታተመውን የአሜሪካ የአንድ ሳንት ሳንቲም እንውሰድ፦ የማተሚያው ቅርጽ ሲዘጋጅ ምስሉ ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጥቂት ዞር ብሎ ስላረፈበት፣ ዓመተ ምሕረቱና ጽሑፉ ያለ መነጽር ጭምር ድርብ ሆነው ይታያሉ። ከሃያ ሺሕ የሚበልጡት ከደህናዎቹ ጋር ተቀላቅለው ወደ ገበያ ወጡ፤ ከፊሎቹም በሲጋራ መሸጫ ማሽኖች በኩል እንደ መልስ ከፓኬቱ ጋር ለገዢው ደረሱ። ዛሬ ደህና ይዞታ ያለው አንዱ ከአንድ ሺሕ ዶላር በላይ ያወጣል። በዚያው ዓመት ቅርጹ በማርጀቱ ብቻ የመጨረሻዋ 5 ድርብ የመሰለችበት ሌላ ሳንቲም ደግሞ ጥቂት ዶላር ቢያወጣ ነው። ላላወቀ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ ዋጋቸውን ያራራቀው የስሕተቱ መንሥኤ ነው።

አባቶቻችን ጠገራ ብር ሲቀበሉ በላዩ በተቀረጸችው በንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ትከሻ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች አንድ በአንድ ይቆጥሩ ነበር፤ እኛም ያን ያህል ልናስተውል ይገባል። እውነተኛ ስሕተት ያለበት ሳንቲም ያገኘ ሰውም በሎሚ ወይም በአመድ እንዳይፈትገው አደራ እላለሁ፤ የተፈተገ ሳንቲም ወዲያውኑ ዋጋው ይወርዳል።

ጋዜጣችሁም የእንዲህ ያለ ሽያጭ ማስታወቂያ ሲቀበል፣ የሳንቲሙን ክብደትና የሁለቱን ገጽ፣ የጠርዙንም ጭምር ጥርት ያለ ፎቶግራፍ እንዲጠይቅ በአክብሮት አሳስባለሁ። ያ ወጣት ገንዘቡ እስከ ዛሬ አልተመለሰለትም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሳንቲም ሰብሳቢ፣ አዲስ አበባ