ለጥገና ባልደረቦቼ፦ ከአምፖሉ አልፈን እንይ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሞችና እህቶች፤

የመብራት ቁጠባ ሲነሳ ሁላችንም አምፖል ላይ እንረባረባለን። ኤልኢዲ ደግ ነው፤ ከድሮው ባለ ክር አምፖል 80 በመቶ ገደማ ያነሰ ኃይል ይበላል። ብዙ የሚፈጀው ግን የሚያሞቀው መሣሪያ ነው።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ደሴ፣ በምሠራበት የጤና ተቋም፣ አውቶክሌቩ (የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን) ለሦስት መቀስና ለአንድ ጥቅል ጨርቅ ብቻ ሲነሳ አይቼ አዘንኩ። 121 ዲግሪ ለመድረስ ውሃውንም ብረቱንም ማሞቅ አለበት፤ ግማሽ ተጫነ ሙሉ፣ ፍጆታው ብዙም አይለያይም። ከቀዶ ሕክምና ነርሶች ጋር ተማክረን ሰዓት እናውጣለት። ድንገተኛ ሲመጣ ግን ወዲያው ይነሳ፤ በታካሚ ላይ አንቆጥብም።

የክትባት ማቀዝቀዣው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት። በሩ ላይ ወረቀት አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡት፤ ሳይይዝ ከወጣ ጎማው አልቋል።

የደሴ ችግር ብርድ ነው፣ የኮምቦልቻ ሙቀት። እኛ የመስኮት ክፍተት እንድፈን፤ እናንተ የኮምቦልቻዎቹ ቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ መኖሩን እዩ። የቲቢ ክፍል መስኮት ግን አደራ እንዳይደፈን፤ አየሩ መለዋወጥ አለበት።

የቆጣሪ ንባባችሁን እስከ ዓርብ ላኩልኝ።