የልጄን ጽሑፍና ሥዕሎች በተመለከተ የቀረበ ቅሬታ

ኖቬምበር 16 ቀን 2024
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለኮሌጅ ማመልከቻ አማካሪ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልኝ።

ኦገስት ላይ ልጄን ይዤ ቢሯችሁ የመጣሁ እናት ነኝ። ልጄ 12ኛ ክፍል ናት፤ የመድረክ ዲዛይን መማር ትፈልጋለች። 2,400 ዶላር በሦስት ጊዜ ከፍያለሁ፤ ደረሰኞቹን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። እናንተን የመረጥኩት በአማርኛ ስለምታስረዱ ነው። እኔም አባቷም እዚህ አገር ኮሌጅ አልገባንም። ለሥነ ጥበብና ለቴአትር ትምህርት ቤት ማመልከት ከሌላው የተለየ መሆኑን እንኳ የሰማነው ከእናንተ ነው። ውላችን ላይ ልጄ ኤሴዩን፣ ማለትም ስለ ራሷ የምታቀርበውን ድርሰት፣ ስትጽፍ እንደምታግዟት፣ ፖርትፎሊዮዋን (የሥራዎቿን ስብስብ) እንደምታዘጋጁና ማመልከቻው በጊዜው መግባቱን እንደምትከታተሉ ተጽፏል።

በመጀመሪያ ስለ ኤሴዩ ልናገር፤ ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ እሱ ነው።

ልጄ የጻፈችው ስለ ጫማዬ ነበር። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ሥራ እሠራለሁ። ጠዋት ስገባ ጫማዬን በር ላይ አወልቃለሁ። እሷ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ትስለዋለች። ተረከዙ በአንድ በኩል የተበላበትን፣ ክረምት ላይ ማሰሪያው ላይ የሚደርቀውን ለበረዶ የሚበተን የመንገድ ጨው፣ አንዱ ጫማ በሌላው ላይ የወደቀበትን። 10ኛ ክፍል ሳለች ነው የጀመረችው። አንድ ደብተር ሙሉ ጫማ አላት። ከዚያ ወደ መድረክ እንዴት እንደገባች ትናገራለች። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ለእንቁጣጣሽ ድራማ ሲያቀርቡ የመድረኩን ጀርባ የሠራችው እሷ ናት። ሁለት አንሶላ ላይ ተራራና አደይ አበባ ሣለች፤ በልብስ መቆንጠጫ ሰቀለችው። አባቷ ከሚሠራበት የግንባታ ቦታ መብራት ተውሶ አመጣላት፣ ከኋላ አበራችበት። መብራቱ ቀስ እያለ ሲደምቅ ተራራው ላይ የነጋ መሰለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔም ነበርኩ። ልጄ በጽሑፏ "ያን ቀን የምወደውን ሥራ አገኘሁት" ብላለች።

ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ቅጽ የሚያመለክቱበት ኮመን አፕ ላይ የሚገባው ዋናው ጽሑፍ ከ250 እስከ 650 ቃል መሆን አለበት። እሷ 640 ላይ ጨርሳዋለች። ፊደል ከማረም በቀር የቀረው ነገር አልነበረም።

እናንተ ያስገባችሁት ጽሑፍ የሚጀምረው "በጦርነትና በረሃብ መካከል ተወለድኩ" ብሎ ነው። ልጄ የተወለደችው እዚሁ ሜሪላንድ ነው። እኔ የመጣሁት በዲቪ ነው። አዲስ አበባን የምታውቀው አያቷን ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ ስለሄደች ነው። ልጄ አንድም ቀን ጦሟን አድራ አታውቅም። ሌሊቱን ቆሜ የማድረው ለዚያ ነው። ጦርነትና ረሃብ በእውነት የደረሰባቸው ልጆች አሉ። ታሪኩ የእነሱ ነው። ከእነሱ ወስዶ ለሌላ ልጅ ማልበስ ነውር ነው።

ነገሩን ያወቅነው እሑድ ኖቬምበር 3 ነው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ላይ ነበርን። ልጄ ስልኳን ከፍታ የገባውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረች፤ ፊቷ ተለወጠ። ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝና "ማሚ፣ ይቺ እኔ አይደለሁም" አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት አትስልም።

ሰኞ ስደውል አማካሪው "ኮሌጆቹ የሚወዱት እንዲህ ያለውን ነው፤ የጫማ ታሪክ ማንን ይነካል?" አለኝ። እኔን ይነካኛል። ደግሞም ነገሩ የመነካት ብቻ አይደለም። ማመልከቻው መጨረሻ ላይ ተማሪዋ ሥራው የራሷ መሆኑን፣ የሞላችው ሁሉ እውነት መሆኑን በፊርማዋ ታረጋግጣለች። በእሷ ፓስወርድ ገብቶ በእሷ ስም የፈረመው የእናንተ ሰው ነው። ውሸቱ ነገ ቢታወቅ ቅበላዋ የሚሰረዘው የእሷ ነው። እናንተ ዘንድ የሚመጣ የለም።

ከጽሑፏ ውስጥ ስለ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን የሚናገረውን አንቀጽም አውጥታችሁታል። ዋሽንግተን ወዳለው ኤምባሲያችን ለወረቀት ጉዳይ ይዣት ሄጄ ነበር። ግድግዳው ላይ የእሱ ትልቅ የአሉሚኒየም ሥራ አለ። ተራችን እስኪደርስ ፊቱ ቆማ ስትስል ቆየች፤ ስንጠራ እንኳ አልሰማችም። አማካሪው "ይህን ሰው ማንም አያውቀውም" ብሎ ቆረጠው። ይህ ሰው እኮ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማረ ነው። ኒውዮርክ ያለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥራውን የገዛው በ1960ዎቹ ነው። ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሠራ ቢሮ ይህን ሊያውቅ ይገባ ነበር። ባያውቅ እንኳ ጠይቆ መረዳት ይችል ነበር።

ወደ ፖርትፎሊዮው ልለፍ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሥራ ይጠይቃሉ። ልጄ 15 መርጣ ነበር፤ ስድስቱ ከጫማው ደብተርና ከስኬቾቿ (ከመጀመሪያ ንድፎቿ) የተወሰዱ ናቸው። እናንተ ስድስቱንም "ያልተጨረሱ ናቸው" ብላችሁ አስወጣችሁ። በምትካቸው ከኢንተርኔት ፎቶ እያየች የታዋቂ ሰዎችን ፊት እንድትስል አደረጋችሁ። የትምህርት ቤቷ የሥዕል መምህርት ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች። ፈታኞቹ ማየት የሚፈልጉት ልጁ ፊት ለፊቱ ያለውን ነገር በዓይኑ አይቶ መሣል መቻሉን ነው። ፎቶ መገልበጥ ያን አያሳይም። የመድረክ ዲዛይን ሲሆን ደግሞ ሐሳቡ ከመጀመሪያው ስኬች እስከ መጨረሻው እንዴት እንደተለወጠ ማየት ይፈልጋሉ። እናንተ ያወጣችሁት ይህንኑ ነው።

ሞዴሉንም ልንገርዎ። ለትምህርት ቤቷ ቴአትር የሠራችው ትንሽ መድረክ ነው። የእውነተኛው መድረክ አንድ ፊት (12 ኢንች) ሞዴሉ ላይ ግማሽ ኢንች ነው። ደረጃዎቹን ከካርቶን እየቆረጠች ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል። ደረጃው ሥር ከወረቀት የተቆረጠች፣ ከአውራ ጣቴ ብዙም የማትበልጥ ሴት ቆማለች። የመድረኩ ስፋት የሚታወቀው በእሷ ነው። እናንተ ሞዴሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ከላይ በቢሮው መብራት አነሳችሁት። ሴትዮዋ ከፎቶው ተቆርጣ ወጥታለች፤ ጥግ ላይ ግን የቡና ብርጭቆ ይታያል። ሥራዎቹ በኢንተርኔት በሚገቡበት ስላይድሩም ላይ የእያንዳንዱ ሥራ ርዕስ፣ የተሠራበት ነገር፣ ልኩና ዓመቱ ይሞላል። ሁሉንም "ርዕስ የለውም" ብላችሁ አለፋችሁት። እሷ ግን ርዕሶቹን በወረቀት ጽፋ ሰጥታችሁ ነበር።

ኮሌጆች ራሳቸው መጥተው የተማሪዎችን ሥራ በነፃ የሚያዩበት ብሔራዊ የፖርትፎሊዮ ቀን የሚባል አለ። ልሂድ ብላ ስትጠይቃችሁ "እኛ እንበቃለን" አላችኋት። ብትሄድ ኖሮ ይህ ሁሉ ስህተት አስቀድሞ ይነገራት ነበር። ማመልከቻውን የላካችሁት ኖቬምበር 1 ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ40 ነው፤ ሊዘጋ 20 ደቂቃ ሲቀረው። አይታ የምታርምበት ጊዜ እንኳ አልተረፋትም።

አንድ ነገር ግን ልመስክር። እንግዳ መቀበያው ላይ የምትቀመጠው ልጅ የማመልከቻ ክፍያ እንዲነሳልን ፎርሙን ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ ሞልታለች። እግዚአብሔር ይስጣት።

አሁን የምጠይቀው ይህን ነው። ከሁሉ በፊት፣ ኤሴዩን የጻፈው የእናንተ ሠራተኛ መሆኑን፣ ልጄም ሳታየው መግባቱን በድርጅቱ ወረቀት ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ ስጡን። የትምህርት ቤቷ ካውንስለር ልጄ ራሷ የጻፈችውን ማመልከቻው ለገባባቸው ሦስት ኮሌጆች ልካለች። አንዱ እሺ ብሎ ተክቶታል፤ ሁለቱ አልመለሱም። ያ ወረቀት ከደረሰን ታያይዘዋለች። የጃንዋሪዎቹን ማመልከቻዎች ልጄ ራሷ ታስገባለች፤ ስለዚህ ፓስወርዷንና ፋይሎቿን ከኮምፒውተራችሁ አጥፉ። ከከፈልኩት ላይ 1,600 ዶላር እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። የመጀመሪያውን 800 ቁጭ ብላችሁ ላስረዳችሁን ጊዜ ትቼዋለሁ። እስከ ኖቬምበር 30 መልስ ካላገኘሁ ጉዳዩን ለሜሪላንድ ዋና ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቀርባለሁ። ወደዚያ ባንሄድ ደስ ይለኛል።

ስድስቱ ዋና ሥዕሎች አሁንም ቢሯችሁ ናቸው። በፖስታ አትላኩብኝ። ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ። በከሰል የተሣሉ ስለሆኑ እጅ ሲነካቸው ይለቃሉ። በየመሃላቸው ስስ ወረቀት አድርጋችሁ፣ በሁለት ጠፍጣፋ ካርቶን መካከል አስቀምጡልኝ። እባካችሁ አትጠቅልሏቸው።

ከአክብሮት ጋር
የተማሪዋ እናት