ያልተፈለፈለውን መስበር፦ የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ድሬዳዋ ያለው የትምህርት ቤቱ ክበብ የያዘው ሥራ አንድ ነው፤ እንቁላል ማስፈልፈል። በኅዳር፣ በየካቲትና በግንቦት ሦስት ዙር ተሞክሯል። በየዙሩ 30 እንቁላል ገብቶ በመጀመሪያው 6፣ በሁለተኛው 13፣ በሦስተኛው 17 ጫጩት ወጥቷል። ይህ ዘገባ በአብዛኛው ስላልወጡት ነው።

ማስፈልፈያው ውስብስብ አይደለም። የፎም ሳጥን፣ ባለ 40 ዋት ሁለት አምፖል (ሲነኩት የሚያቃጥለው የድሮው ዓይነት፤ ኤልኢዲ ያበራል እንጂ አያሞቅም)፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ፋን፣ ዲጂታል ተርሞስታት (ሙቀቱ ሲበዛ አምፖሉን የሚያጠፋ) እና የውሃ ሳህን ነው። ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ ላይ ይያዛል። እንቁላሉ እስከ 18ኛው ቀን በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይገላበጣል፣ ከዚያ አይነካም፣ በ21ኛው ቀን ይፈለፈላል።

የኅዳሩ ዙር ሲከሽፍ የአባላቱ መልስ «መብራት ጠፍቶ ነው» የሚል ነበር። መብራት ጠፍቶ እንደነበር እውነት ነው፤ ግን ሰበቡ በጣም ስለተመቸ ሌላ የጠየቀ አልነበረም። የታቀፈች ዶሮ እንኳ ለመብላት ትነሳለች። ሳጥኑ ተከድኖ ጋቢ ከለበሰ የአንድ የሁለት ሰዓት መጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ያዘገያል እንጂ አይገድልም። ቶሎ የሚገድለው የሙቀት መብዛት ነው። ከዚህ በኋላ ክበቡ ደንብ አወጣ፤ ያልተፈለፈለ እንቁላል ሳይሰበርና ውስጡ ሳይታይ አይጣልም።

አሰባበሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ውጭ፣ ጓንትና ማስክ ተደርጎ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ፣ የአየር ኪሱ ባለበት በሰፊው ጫፍ በኩል ይከፈታል። ላብ ያወጣና የሚሸት እንቁላል ሊፈነዳ ስለሚችል እንዳለ ይቀበራል። ሲያበቃ እጅ በሳሙና ይታጠባል። መጀመሪያ ቀን ግማሹ አባል አፍንጫውን ይዞ ግድግዳው ጥግ ቆሞ ነበር፤ በሦስተኛው ዙር ግን ማን ይክፈት በሚለው ጠብ ተነሳ።

አስኳሉ እንዳለ ሆኖ ምንም ያልጀመረ እንቁላል ብዙውን ጊዜ አውራ ያላገኘች ዶሮ የጣለችው ነው። ይህን ቀድሞ ለማወቅ ከዚያው ቤት አንድ ትኩስ እንቁላል ሳህን ላይ ይሰበራል፤ አስኳሉ ላይ ያለው ነጭ ነጥብ እንደ ቀለበት ክብ ከሆነ አውራ አለ፣ ጥቅጥቅ ያለ ትንሽ ነጥብ ከሆነ የለም። የደም ቀለበት ከታየ ሽሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞቷል። ሙሉ ጫጩት ሆኖ ቅርፊቱን ነክሶ የሞተው ደግሞ የመጨረሻዎቹን ቀናት ጥፋት ይናገራል።

የኅዳሮቹ አብዛኞቹ የደም ቀለበት ነበራቸው። እንቁላሎቹ ከየቤቱ የተሰበሰቡት በሁለት ሳምንት ነው፤ የተቀመጡትም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር። ክፍሉ 25 እና 26 ዲግሪ ሲሆን ሽሉ ማስፈልፈያ ሳይገባ ማደግ ይጀምራል፤ ግን በዚያ ሙቀት አይገፋበትም፣ ይደክማል። ድሬዳዋ ላይ ይህን ያህል ሙቀት ለማግኘት ቆርቆሮም አያስፈልግም። አሁን ከ7 ቀን በላይ የቆየ እንቁላል አይገባም። የሚጠበቀውም ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ፣ በውጭ በኩል እርጥብ ጆንያ በተጠቀለለበት እንስራ ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ ራሱ መርጠብ የለበትም።

በየካቲት አቀማመጡ ሲስተካከል እንቁላሉም ከሐረማያ በኩል እንዲመጣ ተደረገ። ስህተት ነበር። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ስለተለወጠ ውጤቱን ያሻሻለው የትኛው እንደሆነ መለየት አልተቻለም። አንድ ዙር 21 ቀን ይፈጃልና ይህ ውድ ስህተት ነው። ከሐረማያ በሚያወርደው የደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሲናጥ የወረደ እንቁላል ደግሞ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጎ አንድ ቀን ሳያርፍ አይገባም፤ የአየር ኪሱ ቦታውን ሊለቅ ይችላል።

የየካቲቱ ትልቁ ትምህርት ግን የተገኘው ከመዝገቡ ነው። ተረኞች ጠዋት 2፣ ቀን 6 እና 10 ሰዓት ላይ ሙቀቱን ይጽፋሉ። የቅዳሜና የእሁዱ ዓምድ ከላይ እስከ ታች 37.5፣ 37.5፣ 37.5 ይላል፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ አንድም ስርዝ ሳይኖርበት። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን የሚይዝ ቴርሞሜትር ሲገባ የሳጥኑ ሙቀት ከ40 አልፎ እንደነበር አሳየ። ተማሪው የዋሸው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ከቁጥሩ አጠገብ «ተረኛ» የሚል ዓምድና ስሙ ስለነበረ ነው። ዓምዱ ተሰረዘ፣ የተረኞች ዝርዝር ለብቻው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፣ ያልታየ ሰዓትም ባዶ እንዲተው ተፈቀደ። በቀጣዩ ሳምንት መዝገቡ በባዶ ቦታና በ39 ተሞላ። ያን ገጽ ለርእሰ መምህር ማሳየት ባያኮራም ሥራ የጀመረው ከእሱ ነው።

በግንቦት የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳጥኑ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ወዳለው ክፍል ተዛወረ። ተርሞስታት አምፖሉን ያጠፋል እንጂ ክፍሉን አያቀዘቅዝም፤ ክፍሉ ራሱ ከ37 ካለፈ መሣሪያው የሚሠራው የለም።

የእርጥበቱ ነገር የሚለካው በሚዛን ነው። 30 የሐበሻ ዶሮ እንቁላል 1,200 ግራም ከመዘነ በ18ኛው ቀን 1,056 አካባቢ መሆን አለበት፤ ማለትም ከውስጡ በሚተነው ውሃ 12 በመቶ ይቀንሳል። ከዚያ በላይ ከቀነሰ ሳህኑ ሰፊ መሆን አለበት፤ ጥልቀቱ ለውጥ የለውም፣ የሚተነው ከላዩ ነው።

አንዳንድ የ10ኛ ክፍል አባላት ይህንኑ አሠራር ወደ ሒሳብ ፈተናቸው ወስደውታል። የተመለሰ ወረቀት ላይ እያንዳንዱ የጠፋ ነጥብ «አላውቀውም»፣ «ጥያቄውን በደንብ አላነበብኩም»፣ «ስሌት ተሳሳትኩ» ወይም «ሰዓት አለቀ» ተብሎ ይለያል። ብዙዎቹ ከሁለት ፈተና በኋላ ተዉት። የቀጠሉት ግን «ሒሳብ አይገባኝም» ማለት አቁመው ስለ መደመርና መቀነስ ምልክት ስህተት ማውራት ጀምረዋል።

ለመጪው ዓመት የተረፈ ሥራ አለ። በግንቦቱ ዙር ካልወጡት 13 መካከል አምስቱ ቅርፊቱን ነክሰው የሞቱ ናቸው፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ሽፋን እንደ ወረቀት ደርቋል። ክዳኑ በ20ኛው ቀን «ጩኸት ተሰማ» ተብሎ አራት ጊዜ ተከፍቷል፣ እርጥበቱም ወጥቷል። የጥቅምቱ ዙር ከ18ኛው ቀን ጀምሮ እስከ 21ኛው ቀን ማታ ክዳኑ በፕላስተር ታሽጎ ይቆያል፤ ለማየት የሚቸኩል በክዳኑ ላይ በተገጠመው መስታወት ያያል። አንደኛው የአምፖል ማቀፊያ ቀልጧል፣ መቀየር አለበት።