ያለ ተስሪህ እንዳትሄጂ

ልጄ፣ አሰላሙ ዓለይኪ። ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። የእግሬ ነገር ያው ነው፤ ለሱ አትጨነቂ።

የአጎትሽ ልጅ ከጅዳ ደውላ የነገረችኝ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ከደላላ ጋር ተነጋግረሽ ሐጅ ልትገቢ ነው አሉ። ያለ ተስሪህ፣ ያለ ሐጅ ፈቃድ። በሌሊት፣ ኬላውን በተራራ ዞራችሁ። እውነት ነው? ከሆነ ተዪው ልጄ። ያለ ተስሪህ እንዳትሄጂ።

ናፍቆትሽ ይገባኛል። ከዚሁ ቤት የወጣ ነው። አያትሽ መካ ሲባል እንባዋ ይቀድማት ነበር። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ስለዚህ ለመውሊድ ስንቋን ቋጥራ አልቡኮ፣ ጀማ ንጉስ ትሄዳለች፤ በእግሯ። ሼኽ ሙሐመድ ሻፊ ካቀኑት ከ200 ዓመት በላይ የሆነው ሐሪማ፣ የዒባዳ ሥፍራ ነው። እኔንም ይዛኝ ትሄድ ነበር። ሌሊቱን ድቤው ሲመታ፣ መንዙማው ሲወርድ፣ እሷ ሻሿን ፊቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስለ ሐጀር ታወራልኛለች። ለተጠማ ልጇ ውኃ ፍለጋ በሰፋና በመርዋ መሃል ሰባት ጊዜ ስለተመላለሰችው እናት። ዘምዘም የፈለቀው ያኔ ነው። ዛሬ ሐጅ የገባ ሁሉ፣ ንጉሥም ቢሆን፣ የሷን መንገድ ይመላለሳል።

ከሁሉ የምትወደው ግን የቢላልን ነው። በመካ አሸዋ ላይ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ደረቱ ላይ ድንጋይ የተጫነበት ባሪያ፤ ሐበሻ። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ መካ ስትከፈት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካዕባ ላይ ወጥቶ አዛን እንዲል ያዘዙት እሱን ነው። ሁሉ እያየው ወጣ። በቀን፣ በግልጽ።

አያትሽ ያን ቤት ሳታየው ሞተች። አንቺ ደሞዝ መላክ ስትጀምሪ እሷ የለችም። ይኼ ቁጭት ከልቤ አይወጣም። አንቺ እንድትደርሺ ከኔ በላይ የሚፈልግ የለም። ግን ቢላል በግልጽ ወደቆመበት ቤት የኔ ልጅ በጨለማ ተሸሽጋ አትሄድም።

ደግሞ ነፍስሽስ? የ2016ቱን ሰኔ ረሳሽው? በሐረም፣ በመካው ታላቁ መስጊድ፣ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ 1,301 ሰው ሞተ። የሳዑዲ መንግሥት ራሱ ነው የተናገረው። ከመቶው 83ቱ ተስሪህ የሌላቸው ናቸው። ሐጃጁ በሚያርፍበት ሚና ላይ ማቀዝቀዣ ያለው ድንኳን ለተመዘገበ ነው። ያልተመዘገበው መጠለያ ሳይኖረው ያን ሁሉ መንገድ በፀሐይ በእግሩ ሄደ። ደላላው ይኼን ነግሮሻል? ብሩን ተቀብሎ ዞር ይላል፤ ሬሳሽን የሚፈልግ እሱ አይደለም።

ብትያዢም ቀላል አይደለም። በ2017 ያወጡት ቅጣት እስከ 20,000 ሪያል ነው። አገርሽ ይልኩሻል፤ 10 ዓመትም እንዳትገቢ ይከለክሉሻል። ያኔ መካ ራሷ ትርቅሻለች።

ሐጅ መንገዱን ለቻለ ነው ግዴታ የሆነው። ዘንድሮ ባይሆንልሽ አላህ አይጠይቅሽም። ስለዚህ ያለ ተስሪህ እንዳትሄጂ፣ ዓለሜ።

አሁን የምልሽን አድርጊ። ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ፣ መቼ እንደሚያልቅ እዪ። ማዳምሽን ደስ ባላት ቀን ጠይቂያት፤ በኑሱክ፣ በሳዑዲ የሐጅ መመዝገቢያ፣ በስምሽ መመዝገብ ይቻል እንደሆነ ታጣራልሽ። ለደላላው ቀብድ ሰጥተሽ ከሆነ ይቅር፣ ሌላ እንዳትጨምሪለት። የዚህን ወር ብር አትላኪልን፤ ለምዝገባው አስቀምጪው። ቆርቆሮው ክረምቱን ይችላል፣ አባትሽም ይኼንኑ ብሏል። የዐረፋ ዕለት እዚያው ሆነሽ ጹሚ፤ እኛም እዚህ እንጾማለን።

ስልኬ ተበላሽቷል። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በታናሽሽ ስልክ ደውዪልኝ። ግን በፊት ለደላላው አልሄድም ብለሽ ንገሪው።

እናትሽ