የልጆቻችንን ፊልም እንይላቸው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ7ኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ሲ-ስፓን የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ ለሚያዘጋጀው ስቱደንትካም ለተሰኘ የተማሪዎች ዘጋቢ ፊልም ውድድር ስለ ቤት ኪራይ መናር አጭር ዘጋቢ ፊልም ስትሠራ ከረመች። ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች የሚሳተፉበት ይህ ውድድር የተለያዩ አመለካከቶች እንዲካተቱ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ተከራዮችን ብቻ ሳይሆን አከራይንም ፈልጋ አነጋገረች። በእኔ ዕድሜ አከራይ ፊት ቆሞ «ለምን ጨመሩ?» ማለት የማይታሰብ ነበር!

አንዲት እናት ግን ፊታቸው እንዲታይ አልፈለጉም። ልጄ ቡና ሲቀዱ እጃቸውንና ጀበናቸውን ብቻ ቀርጻ ድምፃቸውን አስገባችበት። ያንን ሳይ ዕንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

የማኅበረሰብ ማዕከሎቻችንና አብያተ ክርስቲያናት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሻቸውን ከፍተው እንዲህ ያሉ ፊልሞችን እንዲያሳዩ አጥብቄ እለምናለሁ። ሻይ ቡናውን እኛ ወላጆች እንችላለን።

አንዲት እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ