ድምሩ ይታይ፣ ነጥቡ ይከበር

ውድ አዘጋጅ፣

ሜዳ ላይ ፊሽካ የሚነፋውም፣ ለግጥም ነጥብ የሚሰጠውም፣ ችሎት የሚያስችለውም በቋንቋችን «ዳኛ» ነው። በውድድር የተሸነፈ ሰው ቶሎ ብሎ «ፍርድ ቤት እንገናኝ» የሚለው ለዚህም ይመስለኛል። እኔ ግን ችሎት የተወዳዳሪን ነጥብ መሻር የለበትም ባይ ነኝ።

ይህን የምለው የተበደለ ሰው ሳላይ ቀርቼ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ባዘጋጀው የግጥም ውድድር ከአምስቱ ዳኞች አንዱ ነበርኩ። ሽልማቱ ከተሰጠ በኋላ ሁለተኛ የወጣችው ልጅ የነጥብ ወረቀቱን እንድናሳያት ጠየቀች። አብረን ስናየው አንዱ ዳኛ በእርሳስ የጻፈው 17 ድምሩ ላይ 11 ሆኖ ገብቷል፤ ሰባቷ አንድ መስላ ነው። አንደኛዋ እሷ ነበረች። አዘጋጆቹ ግን «የዳኞች ውሳኔ የመጨረሻ ነው» ብለው ዘጉት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ልጅቷ «ግጥሜ ይበልጣል» አላለችም፤ «እንደገና ደምሩልኝ» ነው ያለችው። የማን ግጥም ልብ እንደነካ የሚያውቀው ያን ምሽት አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሰማ ነው። መደመር ግን ማንም ይችላል። ከሳ ቢሆን ኖሮ ፍርድ ቤቱ የሰጠነውን ነጥብ ሳይነካ፣ በትክክል አስደምሮ ሽልማቷን ሊያሰጣት ይገባ ነበር።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 37 ለፍርድ ቤት የሚቀርበው «በፍርድ ሊወሰን የሚገባው ጉዳይ» ነው ይላል። ማን አሳምሮ ዘፈነ የሚለው እዚያ ውስጥ የሚገባ አይመስለኝም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1689 ደግሞ ማስታወቂያ አውጥቶ ሽልማት ቃል ስለሚገባ ሰው ይናገራል፤ የተባለው ሲፈጸምለት ቃሉ ያስረዋል። ሽልማት የከለከለ አዘጋጅ ወይም ጉቦ የበላ ዳኛ ካለ እሱ ይከሰስ።

በ1996 ዓ.ም. የአቴንስ ኦሊምፒክ የደቡብ ኮሪያው ጂምናስት ያንግ ቴ ዮንግ ፓራለል ባር በሚባሉት ሁለት ትይዩ አግዳሚዎች ላይ የመነሻ ነጥቡ፣ ማለትም ዳኞች ለስህተት ከመቀነሳቸው በፊት የሚይዙለት ነጥብ፣ 10 መሆን ሲገባው 9.9 ተያዘበት። ወርቁን አሜሪካዊው ፖል ሃም ወሰደ፤ ልዩነታቸው ከዚያች 0.1 ያነሰ ነበር። ዓለም አቀፉ የጂምናስቲክ ፌዴሬሽን ስህተቱን አምኖ ዳኞቹን አገደ። የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ግን ውጤቱን አልቀየረም። ከባድ ውሳኔ ነው፣ ግን ትክክል ይመስለኛል፤ አቤቱታው በጊዜው አልቀረበም፣ ከዚያ መሣሪያ በኋላም ገና በሌላ መሣሪያ የሚሠራ አንድ ዙር ይቀር ነበር። ነጥቡ ቀድሞ ቢታረም ሁለቱ በቀሪው ዙር እንዴት ይሠሩ እንደነበር ማን ያውቃል? በእኛ ግጥም ግን ከድምሩ በኋላ የቀረ ነገር አልነበረም።

ቅሬታ እዚያው በቦታው ሲታይ ግን ምን ያህል እንደሚያምር በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ አይተናል። እቴነሽ ዲሮ በ3,000 ሜትር መሰናክል ማጣሪያ ከግጭት በኋላ ጫማዋ ተበላሽቶ አንድ እግሯን ባዶ አድርጋ ሮጣ ጨረሰች። ቡድናችን አቤት አለ፣ የይግባኝ ዳኞች ተቀበሉት፣ ለፍጻሜም ቀረበች። ይህ ለወራት በቀጠሮ ሲንከባለል ቢቆይ ኖሮ ምን ይጠቅማት ነበር?

ከዚያ የግጥም ውድድር ወዲህ ዳኛ ሁን ስባል መጀመሪያ የምጠይቀው ሽልማቱ ከመሰጠቱ በፊት ተወዳዳሪዎች የነጥብ ወረቀቱን ያዩ እንደሆነ፣ ቅሬታቸውንም የሚሰማ ሌላ ሰው ተመድቦ እንደሆነ ነው። «አይሆንም» ካሉኝ አልቀመጥም።

ከአክብሮት ጋር፣
የግጥም ውድድር ዳኛ፣ ከአዲስ አበባ