እግረኛው ብቻ ነው እንዴ የሚጠነቀቀው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የትራፊክ አደጋ ዜና ሳነብ መጨረሻው ላይ የማትጠፋ አንዲት ምክር አለች፤ «እግረኞች መንገድ ሲያቋርጡ ግራና ቀኝ ይመልከቱ» የምትለው። ምክሯ ክፋት የለባትም። ግን ሟቹ ግራና ቀኝ አይቶ ቢሆንስ?

እኔ መኪናም ብስክሌትም እነዳለሁ። መሪ ስይዝ እንደማንም ሹፌር እቸኩላለሁ፤ አልዋሽም። እስቲ ችኮላችንን በሜትር እንለካው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። ድንገት ልጅ ብቅ ቢል፣ ሹፌሩ አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ ያቺው አንድ ሴኮንድ ታልፋለች። በ30 ሲሄድ የነበረውስ? በደረቅ አስፋልት 13 ሜትር ገደማ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይኼኛው ቆሞ ልጁን ሲያሳልፍ፣ ያኛው እዚያው ቦታ ላይ ገና ፍሬን አልነካም። ስልክ እየነካካ ከሆነማ ተዉት።

ሰሌዳ መትከል ቀላል ነው። ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ «30» ተብሎ ቢጻፍ ግን እግር ሳያስበው ነዳጅ ይረግጣል። መንገዱ ጠበብ፣ ዜብራው ከአስፋልቱ ከፍ፣ መታጠፊያው ሰብሰብ ካለ ሹፌሩ ማንም ሳይመክረው ይቀዘቅዛል። የእግረኛ ድልድይን ግን መፍትሔ ነው የሚለኝ ካለ አልስማማም። መኪናው ፍጥነቱን እንዳይቀንስ ተብሎ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ያን ሁሉ ደረጃ ይውጡ?

ብስክሌት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በቅርቡ ከቆመ መኪና አጠገብ ሳልፍ በሩ ተከፈተብኝ። ክርኔ ተላጠ። ከኋላዬ መኪና አለመከተሉ ነው ያተረፈኝ። ሰውየው ደንግጦ «አላየሁህም» አለኝ። አመንኩት፤ አላየኝም። ኔዘርላንድ ውስጥ ሹፌሮች በሩን ከበሩ በሚርቀው እጃቸው እንዲከፍቱ ይመከራሉ። እጅ ሲዞር ትከሻ ይዞራል፣ ዓይንም አብሮ ወደ ኋላ ያያል። ከዚያ በላይ የሚያድነን ግን ከመኪናው በጠርዝ የተለየ የብስክሌት መስመር ነው። በቀለም ብቻ የተሰመረ ከሆነ በሳምንቱ መኪና ይቆምበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ ላይ ይሞታል። ከግማሽ በላዩ እግረኛ፣ ብስክሌተኛና ሞተረኛ ነው። የኖርዌይ ዋና ከተማ ኦስሎ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 አንድም እግረኛ፣ አንድም ብስክሌተኛ በትራፊክ አደጋ አልሞተባትም። ከተማዋ ከዚያ በፊት ፍጥነት ቀንሳ፣ ከመሃል ከተማ የመኪና ማቆሚያዎችን አንስታ ነበር። ነዋሪዎቿ ከሌላው ሰው ይበልጥ ግራና ቀኝ ስለሚያዩ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከእንግዲህ «እግረኛ ተገጭቶ ሞተ» ብላችሁ ስትጽፉ ሦስት ነገር ጨምሩልን። እዚያ መንገድ ላይ የተፈቀደው ፍጥነት ስንት ነው? ቅርብ ያለው ዜብራ በስንት ሜትር ይርቃል? የመንገድ መብራቱስ ይሠራ ነበር?

የዘወትር አንባቢያችሁ